በእንቅስቃሴ የወጣ ካሎሪ በምግብ ይመለስ ወይስ ይቅር?
በአንድ የተለመደ ምክር ላይ የቀረበ ሂስ

ክብደቱን ለመቀነስ የሚጥር ሰው በእግር ጉዞ፣ በሩጫ ወይም በሌላ የሰውነት እንቅስቃሴ ያወጣውን ካሎሪ መልሶ ሊበላው ይገባል ወይስ አይገባም? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን የወጣው ካልተተካ ሰውነት ይጎዳል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የወጣው ከተተካ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል ባይ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚቃረኑ ቢመስሉም አንድ የጋራ ድክመት አላቸው፤ ይኸውም በእጅ ሰዓት ወይም በስልክ ላይ የሚነበበውን የካሎሪ ቁጥር ያለ ምርመራ መቀበላቸው ነው። ምክር ሰጪው የጤና ባለሙያ ከሁለቱ መልሶች አንዱን ከመምረጡ በፊት ቁጥሩን ራሱን፣ ቀጥሎም ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው መመርመር ይኖርበታል።

የምክሩ አመጣጥ

ምግብን በካሎሪ የመቁጠር ልማድ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዎተር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሰው ገብቶ የሚቆይበት የሙቀት መለኪያ ክፍል አሠርተው የሰው አካል የሚያወጣውን ኃይል ለኩ። ሐኪሟ ሉሉ ሃንት ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተሙት መጽሐፍ ካሎሪ መቁጠርን ለሰፊው አንባቢ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ማክስ ዊሽኖፍስኪ የተባሉ ሐኪም አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 0.45 ኪሎ ግራም ያህል የሰውነት ክብደት ከ3500 ካሎሪ ጋር እኩል ነው የሚለውን ስሌት አቀረቡ። ይህ ስሌት ሰውነት ክብደት በቀነሰ ቁጥር የኃይል ፍጆታውም እንደሚቀንስ ስለማያስብ የረጅም ጊዜ ውጤትን አጋኖ ይተነብያል። ኬቨን ሆልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በላንሴት መጽሔት ባወጡት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል። ሆኖም ስሌቱ ቀላል በመሆኑ እስከ ዛሬ ከአገልግሎት አልወጣም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ማይፊትነስፓልና መሰሎቹ መተግበሪያዎች ነገሩን ወደ ዕለታዊ የሒሳብ መዝገብ ለወጡት። መጀመሪያ የሰውየውን ዕለታዊ ፍጆታ ይገምታሉ፤ ከዚያ ላይ ለምሳሌ 500 ካሎሪ ይቀንሱና የቀረውን የቀኑ ድርሻ ያደርጉታል። ሰውየው 300 ካሎሪ የሚያስወጣ እንቅስቃሴ ካደረገ 300 በድርሻው ላይ ይጨመርለታል። ጉድለቱ አስቀድሞ የታቀደ ስለሆነ እንቅስቃሴው ከታቀደው በላይ እንዳያሰፋው የሚል አስተሳሰብ ነው። አስተሳሰቡ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ጉድለት ከልክ ሲያልፍ ጡንቻ ይመነምናል፣ ድካምና ረኃብ ይበረታሉ፤ ብዙዎችም ጅምራቸውን ይተዋሉ። ችግሩ ያለው አስተሳሰቡ በቆመበት ቁጥር ላይ ነው።

ቁጥሩ ሲመረመር

የመጀመሪያው ጉድለት ጠቅላላ ፍጆታን ከተጣራው አለመለየት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ፈጠን ባለ እርምጃ ሲጓዝ በዕረፍት ከሚያወጣው ኃይል አራት እጥፍ ያህል ያወጣል። በዕረፍት ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት በሰዓት አንድ ካሎሪ በሚለው የተለመደ ስሌት መሠረት የአንድ ሰዓት ጉዞ ጠቅላላ ፍጆታ 280 ካሎሪ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰውየው ተቀምጦ ቢያሳልፈውም በዚያው ሰዓት 70 ካሎሪ ማውጣቱ አይቀርም ነበር፤ ይህም በቀኑ ድርሻ ውስጥ ቀድሞ ተቆጥሯል። ስለዚህ ጉዞው በእርግጥ የጨመረው 210 ብቻ ነው። 280ውን የሚመልስ ሰው 70ውን ሁለት ጊዜ በላው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት እንቅስቃሴን ራሱን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ዕለታዊ ፍጆታ የሚገመተው መሠረታዊውን የኃይል ፍጆታ በእንቅስቃሴ ደረጃ በማባዛት ነው። መሠረታዊ ፍጆታዋ 1400 ካሎሪ የሆነ ሴት ውሎዋ የመቀመጥ ከሆነ በ1.2 ተባዝቶ 1680 ይመጣል፤ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ስፖርት የምትሠራ ተብላ ከተመዘገበች ግን በ1.55 ተባዝቶ 2170 ይሆናል። የ490 ካሎሪው ልዩነት ስፖርቷን አስቀድሞ ያካተተ ነው። ከዚህ በኋላ ከእያንዳንዱ ሩጫ ማግሥት ካሎሪ ብትጨምር የታሰበው ጉድለት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ሦስተኛው የመለኪያው ስሕተት ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ሰባት ዓይነት በእጅ የሚታሰሩ መሣሪያዎችን በ60 ፈቃደኞች ላይ ፈትነዋል። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ሲለኩ፣ የኃይል ፍጆታን በተመለከተ ግን ከሁሉም የተሻለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ፣ የመጨረሻው ደግሞ በ93 በመቶ ተሳስቷል። አንድ ባለሙያ በዚህ መጠን የሚሳሳት የደም ግፊት መለኪያ ቢያጋጥመው በእርሱ ተመርኩዞ መድኃኒት እንደማያዝ የታወቀ ነው።

አራተኛው የሰውነት የራሱ ማካካሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከረንት ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የ1754 ጎልማሶችን መረጃ መርምሮ፣ በእንቅስቃሴ ከሚወጣው ተጨማሪ ኃይል 28 በመቶ ያህሉን ሰውነት ከሌላ ወጪው በመቆጠብ እንደሚያካክሰው ገምቷል። የሰውነት ስብ በበዛባቸው ሰዎች ማካካሻው ወደ ግማሽ ይጠጋል። በዚህ መሠረት 210 የነበረው ወደ 150 ይወርዳል። እንግዲህ መሣሪያው ያለ ስሕተት ቢለካ እንኳ ከ280ው ውስጥ በቀኑ መጨረሻ የሚተርፈው ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

ተቃራኒው ወገንም ከሂስ አያመልጥም

ከዚህ ተነሥቶ ምንም አይመለስ ማለት ይቀናል። የዚህ ወገን ጠበቆች ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡትን ጥናት ይጠቅሳሉ። በታንዛንያ የሚኖሩትና አድነውና ሥራ ሥር ምሰው የሚተዳደሩት የሀድዛ ሰዎች ምንም እንኳ ውሏቸው በእግር ጉዞ የተሞላ ቢሆን፣ የሰውነታቸው መጠን ከታሰበ በኋላ ዕለታዊ የኃይል ፍጆታቸው ከምዕራባውያን የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ግኝቱ ታላቅ ነው፤ ግን ከአቅሙ በላይ ሊሸከም አይገባም። እርሱም ሆነ የ2021ዱ ጥናት በአመዛኙ የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ወቅት የሚያነጻጽሩ እንጂ አንድን ሰው ከእንቅስቃሴ በፊትና በኋላ የሚከታተሉ አይደሉም። ከብዙዎች የተገኘ አማካይም የአንድን ታካሚ ዕጣ አይወስንም።

ከዚህ ይልቅ ለክሊኒክ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2009 በቲሞቲ ቸርችና በባልደረቦቻቸው የታተመው ጥናት ነው። ወር አበባቸው ያቆመ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈና ስፖርት የማይሠሩ 464 ሴቶች በዕጣ ተመድበው ለስድስት ወራት ተከታትለዋል። በሳምንት ለአንድ ኪሎ ክብደት 4 ካሎሪ እንዲያወጡ የተመደቡት በአማካይ 1.4 ኪሎ፣ 8 እንዲያወጡ የተመደቡት 2.1 ኪሎ ቀነሱ። 12 እንዲያወጡ የታዘዙት ግን የቀነሱት 1.5 ኪሎ ሲሆን ይህም በስሌት ከተጠበቀው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እነዚህ ሴቶች ያወጡትን እንዲመልሱ የመከራቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ «አትመልሱ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ብዙዎች ሳያውቁትም ይመልሳሉና። የምክር ሰጪው ጥያቄ መሆን ያለበት ታካሚው ከእንቅስቃሴ በኋላ ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ፣ የቀረውን ቀንም በሥራ ወይስ ተኝቶ እንደሚያሳልፍ ነው።

መመለስ ግዴታ የሚሆንባቸው

የክልከላው ወገን ትልቁ ስሕተት ጉዳት የሚደርስባቸውን ሰዎች መርሳቱ ነው። ከእነዚህም ቀዳሚዎቹ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ናቸው። እንቅስቃሴ የደም ስኳርን ወዲያው ብቻ ሳይሆን ለበርካታ ሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግሥቱ ሊያወርድ ይችላል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከእንቅስቃሴ በፊት የደም ስኳሩ ከ90 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ከ15 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወስድ ይመክራል። ለዚህ ሰው ምግቡ የክብደት ሒሳብ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ሆኖም እንቅስቃሴው የዘወትር ከሆነና ታካሚው በየጊዜው ለመድኃኒቱ ሲል የሚበላ ከሆነ፣ ተገቢው እርምጃ የመድኃኒቱን መጠን እንደገና ማየት ነው። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስድ ሰው ግን ይህ ሥጋት እምብዛም ስለሆነ ተጨማሪ ምግብ ማዘዝ አያስፈልግም። በጾም ወቅት እስከ ከሰዓት በኋላ ምግብ ለማይቀምስ ታካሚ የእንቅስቃሴውን ሰዓት ወደ ምግቡ ሰዓት ማቅረብ፣ መድኃኒቱንም አብሮ ማስተካከል ያሻል።

ሁለተኞቹ ጠንካራ ልምምድ የሚያደርጉ፣ በተለይም ወጣት ሴት ሯጮች ናቸው። ከእንቅስቃሴ የተረፈው ኃይል ከስብ ውጪ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ30 ካሎሪ ሲያንስ የሆርሞን ሥርዓት ሊታወክ እንደሚችል ጥናቶች አመልክተዋል። ከስብ ውጪ ያለ ክብደቷ 40 ኪሎ የሆነ ሯጭ 1600 ካሎሪ በልታ 600 በልምምድ ብታወጣ ለቀሪው ሰውነቷ የሚተርፈው ለአንድ ኪሎ 25 ካሎሪ ነው። የወር አበባ መቋረጥ፣ የአጥንት መሳሳትና መሰንጠቅ የሚከተሉትም ከዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ችግር በስፖርት የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት ብሎ ሰይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አሥር ታዋቂ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች በቀን ወደ 3300 ካሎሪ እያወጡ ወደ 3200 ካሎሪ ይመገቡ ነበር። ያወጡትን ከሞላ ጎደል ይመልሳሉ ማለት ነው። የሻምፒዮናዎቹን ቅጥነት ብቻ አይታ ምግብ የምትቀንስ ታዳጊ ይህን ልትሰማ ይገባታል።

ቁጥሩና ገበታው

የካሎሪ መዝገብ ለየብቻ በሰሐን ለሚቀርብና መጠኑ በማሸጊያ ላይ ለተጻፈ ምግብ የተዘጋጀ ነው። በአንድ ትሪ ዙሪያ በጋራ የሚበላ፣ ጉርሻ የሚቀበል፣ በወጡ ውስጥ የገባውን ዘይት ያላየ ሰው የበላውን በካሎሪ ሊመዘግብ አይችልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥም ወደ 130 ይጠጋል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ጉዞ ትርፍ በአንድ ማንኪያ ዘይት ግምት ስሕተት ሊዋጥ ይችላል። መዝገብ መያዝ በሚቻልበትም ስፍራ ቢሆን ነገሩ አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ምግብ ቀንሰን ክብደት አልቀነስንም ያሉ ሰዎች የበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አጋንነው መመዝገባቸውን አረጋግጧል። ይህ ለታካሚው ወቀሳ ሊሆን አይገባም፤ የግምት ጠባይ ነውና።

ከምርመራው የሚገኘው ፍርድ

በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በእግር ለሚጓዝ፣ ክብደቱ ከልክ ያለፈና ዝቅተኛ ስኳር የሚያስከትል መድኃኒት ለማይወስድ ጎልማሳ የእንቅስቃሴው ካሎሪ ተቆጥሮ እንዲመለስ መምከር አያስፈልግም። ለሯጭ፣ ለከባድ የጉልበት ሠራተኛና ለኢንሱሊን ተጠቃሚ ግን አለመመለስ ጉዳት ነው። በሁለቱ መካከል ላሉት ከሰዓቱ ቁጥር ይልቅ ሚዛን የተሻለ ዳኛ ነው፤ ያውም የአንድ ቀን ሳይሆን በተመሳሳይ ሰዓት የተወሰደ የሦስትና የአራት ሳምንት ልኬት። ክብደቱ በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ እየወረደ ድካም፣ የእንቅልፍ እጦት ወይም የወር አበባ መዛባት ከታየ ምግቡ ይጨመር፤ ካልወረደ ዘይቱ፣ ስኳሩና መጠጡ ይመርመር።

ከሁሉም በላይ የመመለስ ክርክር አንድ ነገር እንዳይጋርድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለጎልማሶች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲመክር ምክንያቱ ካሎሪ ማቃጠል ብቻ አልነበረም። የደም ግፊትና የደም ስኳር መሻሻል፣ የጡንቻ መጠበቅና የመንፈስ መረጋጋት ሚዛኑ ሳይነቃነቅም ይገኛሉ። እያንዳንዱን እርምጃ በጉርሻ እንዲመነዝር የተማረ ታካሚ ሚዛኑ ያልወረደ ዕለት መራመዱንም ይተዋል። ይህ ደግሞ ከተመለሰው ካሎሪ ሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው።