ወረርሽኝ በአንድ ክፍለ ጊዜ

የባዮሎጂ መምህራን፣ እባካችሁ ይህን ሳታዩ በሽታ ስለ መከላከል አቅም አንድም ሰሌዳ እንዳትሞሉ! የምላችሁ ባዮ-ራድ ለትምህርት ቤቶች ስላዘጋጀው «ኢላይዛ ኢሚዩኖ ኤክስፕሎረር» ስለተባለ የቤተ ሙከራ ዕቃ ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ሥራው ግን ጉድ ያሰኛል።

ለእያንዳንዱ ተማሪ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ በትንሽ ቱቦ ይታደላል። ከሁሉም መካከል «የታመመው» አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ አያውቅም። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ፈሳሻቸውን ቀላቅለው እኩል ይካፈላሉ፤ በየዙሩ ከማን ጋር እንደተገናኙም ይጽፋሉ። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት፣ በሦስተኛው ዙር እስከ 8! ሳቁ ሳይበርድ ክፍሉ በወረርሽኝ ተይዟል። ደግነቱ ተሐዋሲ የሚባል ነገር የለበትም፤ «በሽታው» ከዶሮ የተገኘ ፕሮቲን ነው።

ምርመራው ደግሞ! የእያንዳንዱ ልጅ ፈሳሽ በትንሽ የመመርመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ የዶሮው ፕሮቲን ካለበት ከጉድጓዷ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ከጥንቸል የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል መጥቶ እሱን ይይዛል። ከፍየል የተገኘው ደግሞ የጥንቸሏን ይይዛል፤ እሱም ሆርስራዲሽ ከሚባል የሚያቃጥል ሥር የወጣ ኢንዛይም ተሸክሟል። ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ፍየልና የተክል ሥር በአንዲት ጉድጓድ ውስጥ! በመጨረሻ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይጨመራል። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያፈጣል... ወዲያው ጉድጓዷ ሰማያዊ ትሆናለች። ኢላይዛ የተባለው ይህ ምርመራ እኮ መጫወቻ አይደለም። ኢቫ ኤንግቫልና ፒተር ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1971 ከስቶክሆልም ያስተዋወቁት፣ ከ1985 ጀምሮም የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ የተመረመረበት ዘዴ ነው።

ጉድጓዷን ሲያጥብ የቸኮለ ልጅ ጉዱ ይፈላል። ያልተያያዘው ኢንዛይም ታጥቦ ካልወጣ ንጹሕ መሆን ያለባት የኔጌቲቭ ኮንትሮል ጉድጓድም ሰማያዊ ትሆንበታለች። «የተሳሳተ ፖዘቲቭ» ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ገለጻ እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔን ያሳበደኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ነው። ውጤቱና የግንኙነቱ ሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ክፍሉ በሙሉ መርማሪ ይሆናል። ሁሉም መጀመሪያ የሚሯሯጠው ፖዘቲቭ የሆኑትን ለመጠርጠር ነው። ቁልፉ ያለው ግን ኔጌቲቭ የሆኑት ዘንድ ነው! አንዲት ኔጌቲቭ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ከአንድ ፖዘቲቭ ልጅ ጋር ተካፍላ ከነበረ፣ ልጁ ያኔ ጤነኛ ነበር ማለት ነው፤ በሽታውን ያመጣው እሱ አይደለም። እንዲህ እየተጣራ፣ እየተጣራ ሁለት ሰዎች ይቀራሉ፤ በመጀመሪያው ዙር የተካፈሉት ጥንዶች። እዚህ ላይ ሰንጠረዡ ዝም ይላል። ከሁለቱ ማን ለማን እንደሰጠ መናገር አይችልም፤ ከመቀላቀሉ በፊት የተቀመጠ ናሙና ከሌለ በቀር። ኮቪድ ጊዜ በዜና ስንሰማው የከረምነው የንክኪ ልየታ የት ድረስ እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚቆም ይኸው!

ዕቃው ርካሽ አይደለም፤ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል። ለብዙዎቹ ትምህርት ቤቶቻችን ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፍለጋውን ብቻ ለማስተማር ግን ከኬሚስትሪ መምህሩ ሁለት ነገር መለመን ይበቃል፦ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ፌኖልፍታሊን። የሁሉም ቱቦ ውሃ ይሁን፤ አንዱ ላይ ብቻ በደንብ የቀጠነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይግባበት። ዙሮቹ ሲያልቁ ለእያንዳንዱ አንድ ጠብታ ፌኖልፍታሊን ጨምሩ፤ «የተያዘው» ሁሉ ሮዝ ይሆናል። ስለ ፀረ እንግዳ አካል ምንም አያስተምርም፤ መርማሪነቱን ግን አንድም ሳያጎድል ይሰጣል።

በዚህ ሴሚስተር ሞክሩት። መነጽርና ጓንት ይደረግ፣ ከእያንዳንዱ ቱቦ ላይ ደግሞ ሳይቀላቀል ጥቂት ጠብታ ለብቻ ይቀመጥ።