ጳጉሜን የሚያውቅ ክላስ

በሰቆጣም በጽጽቃም የሻደይ በዓል ነሐሴ 16 ይገባል። ስልክ ይህን ቀን በኛው አቆጣጠር እንዲያውቅ ከሚያደርጉት ላይብረሪዎች አንዱ አይሲዩ ነው፤ ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ለፕሮግራመሮች ክፍት ሆኗል። የጃቫ ኮዱን ገልጦ ማንበብ ደስ ይላል።

ከሁሉ በላይ «ካላንደር» የተባለ አብስትራክት ክላስ አለ። ወሩ የሚጀምርበትን ቀን የሚያሰላው ሜተድ እዚያ ባዶውን ተቀምጧል፤ ወራሹ ክላስ ካልሞላው ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም። የወሩን ርዝመት የሚናገረው ግን ቨርቹዋል ነው፦ ከሚቀጥለው ወር መነሻ ያሁኑን ቀንሶ ይመልሳል። አቋራጭ የሚያውቅ ወራሽ ይሽረዋል፤ የማያውቅም አይሳሳትም። የመነሻው ሜተድ እንደዘበት ዜሮ እንዲመልስ ቢደረግ ኖሮ፣ መሙላቱን የረሳ ሰው ጥፋቱን የሚያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነበር። ብዙ ጎበዝ ፕሮግራመር የሚስተው ይቺን ነው።

ከሥሩ ኢትዮጵያና ቅብጥ የሚጋሩት ሌላ አብስትራክት ክላስ አለ። ሁለቱንም በግድ የሚጠይቃቸው አንድ ቁጥር ነው፦ ዘመናቸው የሚቆጠርበትን መነሻ። የኛ 1723856፣ የቅብጦቹ 1824665። ቢቀናነሱ 100809 ቀን፣ ማለትም ልክ 276 ዓመት ነው። ሌላው ስሌት በአብዛኛው የጋራ ነው።

የወር ርዝመቱን ሜተድ የሻረው ይኸው የጋራ ክላስ ነው። ከጳጉሜን በቀር ለሁሉም 30 ይላል። ለጳጉሜን ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን ይይዛል፤ ቀሪውን ለ3 ያካፍልና 5 ይደምርበታል። ክፍልፋዩ ስለሚጣል 0፣ 1 እና 2 ዜሮ ይሆናሉ፤ 3 ብቻ አንድ ይሰጣል። 2015ን ሞክሩት፦ ቀሪው 3፣ ጳጉሜን 6። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዘመነ ሉቃስ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ቅር የሚለኝ ዓመተ ዓለም ነው። ከዓመተ ምሕረት በ5500 ዓመት የሚቀድመውን ይህን አቆጣጠር የጃቫው ኮድ የያዘው በዚያው በኢትዮጵያ ክላስ ውስጥ፣ የዘመኑን ዓይነት በሚለይ ተለዋዋጭ ነው። ዓመት በተሰላ ቁጥር «የትኛው ነው?» እያለ ይጠይቃል። የሲ ፕላስ ፕላሱ ቅጂ ግን ኋላ ላይ ከኢትዮጵያው የሚወርስ የራሱን ክላስ ሰጥቶታል፤ እኔም ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር።