ለመንገድ የተሰፋ

አገልግል ሁለት ሙያ የተገናኙበት ዕቃ ነው። ውስጡ ሣር ነው፤ ውጪው ቆዳ። ሣሩን የምትሰፋው ሴትና ቆዳውን የሚያለብሰው ሰው ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ የአንዱ ሥራ ልክ ካልሆነ ግን የሌላው ከንቱ ይቀራል።

አሁን የማገላብጠው አገልግል ወርዱ ሁለት ስንዝር ይጠጋል። ለአራት የታጠፈ እንጀራ ጠርዙ ሳይጨማደድ ይተኛበታል። ስፌቱ የተጀመረው ከመሀል ነው። የስንደዶ ሣር በጥቂት በጥቂቱ ተጠቃሎ የዙሩ ሆድ ይሆናል፤ የአክርማ ሣር ይጠመጠምበታል። አክርማ ደርቆ ከተሳበ ይበጠሳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በውሃ ይርሳል። ሰፊዋ የቀደመውን ዙር በወስፌ ትወጋለች፣ አክርማውን ታሾልካለች፣ ታጠብቃለች። ሆዱ ሲሳሳ አዲስ ስንደዶ ትጨምራለች። የት እንደጨመረች ለማወቅ ዙሩን በጣቴ ተከተልኩ፤ ውፍረቱ የትም አይለወጥም።

ከሁሉ የሚከብደው ወለሉ አልቆ ጎኑ የሚነሣበት ዙር ነው። እዚያ ላይ እጅ ከላላ ዕቃው ይንጋደዳል። ይህኛው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አይወዛወዝም። ክዳኑ ከአፉ በጥቂቱ ይሰፋል፤ ጠርዙም ሦስት ጣት ያህል ወርዶ አፉን ከውጭ ያለብሰዋል። መኪና ሲንገጫገጭ ወደ ጎን የማይንሸራተተው ለዚህ ነው።

ቆዳው የፍየል ነው፤ ስስና ጠንካራ። እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ተሰፍቷል፤ ሲደርቅ ተሰብስቦ ሣሩን ጨብጧል። ማንገቻው ጠፍር ነው። ጠፍሩ ጎኑ ላይ ተሰፍቶ አልቀረም። ከሥር ዞሮ፣ በጎን በኩል በቆዳ ቀለበቶች አልፎ፣ ከክዳኑ በላይ ይታሰራል። ዕቃው ሲነሣ ክብደቱ የሚያርፈው በወለሉ ላይ ነው፤ የጎኑ ስፌት አይሳብም። ጠፍሩ ሲጠብቅ ክዳኑም አብሮ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ለማየት ዕቃውን መንገድ ማውጣት ይሻላል። አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ፣ ባምቢስ አካባቢ፣ ለጫካ አዳር ድንኳንና ፍራሽ መኪና ላይ ሲጫን አገልግሉ መጨረሻ ይገባል፤ ከላይ ምንም አይደረብበትም። ከዚያ መንገዱ በቡራዩ፣ በገፈርሳ ግድብ አጠገብ፣ በሆለታ በኩል ወደ ምዕራብ ነው።

ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዲስ ዓለም ትገኛለች። በ1890ዎቹ አዲስ አበባ የማገዶና የግንባታ እንጨት ሲያጥራት አጼ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሲስፋፋ አዲስ አበባ ባለችበት ጸናች፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ስፍራም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ ዓለም እንጨት ማጣት አንድን ዋና ከተማ ከቦታው ሊነቅል ደርሶ እንደነበር የምታስታውስ ከተማ ናት።

ድንኳኑ የሚተከለው ግን እዚያ ሳይሆን በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት፣ በመናገሻ ሱባ ደን ነው። ደኑን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጥድ ዘር እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይታዩበታል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ዛፉ እያጠረ አስታ ይበረክታል። በቅርንጫፎቹ ላይ ጉሬዛ ይዘላል። ከጥዱ ሥር የረገፈው ቅጠልና ልጣጭ በበጋ አንድ ክብሪት ይበቃዋል።

አገልግሉ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ነው። ምግቡ ቤት በስሎ ስለሚመጣ ጫካ ውስጥ እሳት ማንደድ አያስፈልግም። ከሥር እንጀራ ይነጠፋል፤ ከላይ ቋንጣ ፍርፍር፣ ወይም ቁሌቱ የጠነከረ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ። ቀጭን ወጥ አይሆንም፤ ሣሩ ውስጥ ይሰርጋል። ጠፍሩ ተፈትቶ ክዳኑ ሲነሣ እንጀራው አላላበውም። በፕላስቲክ ዕቃ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ እዚህ ግን ሣሩ ይጠጣዋል። ቆዳው ደግሞ አቧራውንና ግጭቱን ይከላከላል። ክዳኑ ይገለበጥና ትሪ ይሆናል። የሚጣል ነገር አይተርፍም። ባዶው አገልግል ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ተከፍቶ ንፋስ ይመታዋል።

ዛሬ ገበያ ላይ ለግድግዳ ጌጥ ብቻ የተሠራ አገልግልም አለ። ልዩነቱን በእጅ መለየት ይቻላል። ክዳኑን ዘግቶ በአንድ እጅ ማዞር ነው፤ በጥቂቱ ይዞ ከዞረ ልኩ ደኅና ነው። ከዚያ ገልብጦ ጠፍሩ ከሥር ማለፉን ማየት። ውስጡን ወደ ብርሃን አቅንቶ በዙሮቹ መካከል ክፍተት መፈለግ። ሦስቱን ያለፈ አገልግል የተጠየቀበትን ዋጋ ያወጣል፤ ክርክሩ ቢቀር ይሻላል፤ ምክንያቱም ከዚያ ዋጋ ላይ የሁለት ሰው እጅ ይከፈላል።