የሚደወልለት ሙዚየም

እንቅልፍ ከለከለኝ! ሰሞኑን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆምኩ ይህንኑ ነው የማወራው፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ለካ ሙዚየም ይደወልለታል! ቁጥር ተጭነህ ትደውላለህ፣ እሱም አንስቶ ያወራሃል!

ከአጎቴ ልጀምር። አጎቴ ደጀን አጠገብ ጤፍ ያርሳል። ስልኩ ባለቁልፍ ነው፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት የሚቆይ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ። አንድ ሐምሌ ልጠይቀው ብሄድ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰላም ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሣና «ዝም በል፣ ልስማበት!» አለኝ። ከወዲያ በኩል የሚያናግረው ሰው አልነበረም። 8028 ደውሎ፣ ቋንቋውን መርጦ፣ ሰብሉን መርጦ፣ ስለ ጤፍ የሚነግረውን ድምፅ ነበር የሚሰማው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረው ይህ ነጻ መስመር ሚሊዮኖች የደወሉለት ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ማንበብ አይፈልግም፣ ጣትና ጆሮ ይበቃዋል። ያን ጊዜ «ጎበዝ!» ብዬ አለፍኩት።

ሰሞኑን ታዲያ ሙዚየሞች የጎብኚውን ስልክ እንዴት ለሥራ እንደሚያውሉት ሳነብ አንድ ነገር አየሁና ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ። አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ያለው የዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 «አርት ኦን ኮል» የሚል አገልግሎት ጀምሯል። ጎብኚው በገዛ ስልኩ ይደውልና፣ ከሥራው አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር ይጫንና፣ ስለዚያ ሥራ የሚናገር ድምፅ ይሰማ ነበር። ይኸው ነው! የአጎቴ 8028! ሚኒያፖሊስ ያለ ሥዕልና ደጀን ያለ ጤፍ በአንድ ዓይነት መላ አፍ አወጡ ማለት እኮ ነው!

ነገሩ ሥሩ ደግሞ ሩቅ ነው። አምስተርዳም የሚገኘው ስቴደሊክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1952 ለጎብኚዎቹ ትንሽ የራዲዮ መቀበያና የጆሮ ማዳመጫ ያድል ነበር። ንግግሩ ከአንድ ቴፕ ለሁሉም እኩል ስለሚተላለፍ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ በአንዴ ወደ አንዱ ሥዕል ይዞራል፣ በአንዴ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። አንዱ ወድዶት ልቆይ ቢል ድምፁ ጥሎት ይሄዳል። ከዚያ ካሴት መጣ፣ ከዚያ ሲዲ፣ ከዚያ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ፤ እያንዳንዱ ለውጥ ጎብኚው በራሱ እግርና በራሱ ልክ እንዲሄድ ያደረገ ነው።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን አዘገጃጀቱ ነው። እኔ እኮ መሐንዲሶች ተሰብስበው «ምን ዓይነት አፕ እንሥራ?» ብለው የሚጀምሩት ይመስለኝ ነበር። ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች የሚጀምሩት ከጥያቄ ነው! ማስታወሻ ደብተር ይዘው አዳራሹ ውስጥ ይቆሙና ጎብኚው ጥበቃውን የሚጠይቀውን ይጽፋሉ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ፊት ቆሜ ከእኔ አፍ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ አልነበረም፤ «አጽሙ እውነተኛው ነው?» የሚል ነበር። ለእይታ የቀረበው ቅጂው ነው፣ ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ይህ ሳይመለስለት ሌላ ቢነግሩት ጎብኚ አይሰማም። ስለዚህ የድምፁ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ጎብኚው በልቡ ለያዘው ጥያቄ መልስ ይሆናል። እንዴት ያለ አክብሮት ነው!

ቀጥሎ መምረጥ ይመጣል። መቶ ዕቃ ቢኖር መቶውም አይወራለትም፤ አሥርና አሥራ አምስቱ ይመረጣሉ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት። ሰው ቆሞ ነው የሚሰማው፣ እግሩ ይደክማል። ጽሑፉ ለጆሮ ይጻፋል፤ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ቀኑ አንድ፣ ስሙ አንድ። ዓይንን ይመራል፤ «ከላይ በስተግራ ያለችውን እጅ እይ» ይላል። ሳይቀረጽም በፊት ለማያውቅ ሰው ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ሰሚው ግራ የተጋባበት ቦታ ይታረማል። ስለ መሣሪያው የሚወራው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጎብኚው ምን ዓይነት ስልክ ይዟል? ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ኔትወርክ ይገባል? ዳታ ያለቀበትስ? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የከረመብን እኛ ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናውቀዋለን። ኢንተርኔት የማይጠይቅ ጥሪ እዚህ ዋጋው ልዩ ነው።

ደፋሮችም አሉ። አውስትራሊያ ሆባርት ያለው ሞና ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከፈት ከግድግዳው ላይ መግለጫ ጽሑፍን ጨርሶ አስቀርቶ ሁሉንም ለጎብኚው በሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ላይ አደረገው። የኒው ዮርኩ ብሩክሊን ሙዚየም ደግሞ ጎብኚው እዚያው ቆሞ ጥያቄ በስልኩ እንዲልክና ባለሙያ ወዲያው እንዲመልስለት አደረገ። ደስ ይላሉ። የእኔ ልብ ግን ድምፁ ላይ ቀረ።

ጎጃሜ ነኛ! የዲማንና የዋሸራን የቅኔ ጉባኤ ያደመጠ አገር ለድምፅ እንግዳ አይደለም። የጎዛምኑ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ግን ስንቱ ሰው ነው መጽሐፉን ሳይገልጥ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የሚያውቃቸው? ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ስለተረከው ነው! አንድ ድምፅ ብቻውን ማንኩሳንና ዲማን በየቤቱ አስገባቸው። ከዚህ የበለጠ የድምፅ ጉብኝት ማን ሠርቷል? ሙዚየሞቹ ዛሬ በትልቅ ወጪ የሚያጠኑትን፣ በቃል ዓይን የመግለጥን ሙያ፣ እኛ ምድጃ ዳር ሆነን ሰምተነዋል።

አሁን ደብረ ማርቆስን በዚህ ዓይን እዩልኝ። መንቆረር የነበረው ስሟ በቤተ ክርስቲያኗ ስም ተለወጠ፤ እዚህ አንድ ቁጥር። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት፤ ራስ አዳል ጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ፣ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ በግንቦት 1874 እምባቦ ላይ ድል ሆነው በምኒልክ ጦር ተማረኩ። አንድ ደቂቃ የማይበቃው ታሪክ፣ ግን በአንድ ደቂቃ መጀመር የሚችል! ወደ ደምበጫ ሲኬድ ደግሞ ተምጫ ወንዝ ላይ ጣሊያናዊው መሐንዲስ አውጉስቶ ሳሊምቤኒ ለኚሁ ንጉሥ የሠራው ድልድይ አለ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ከመስኮት ለሚያይ ሰው ሌላ ቁጥር። ሙዚየም የግድ አራት ግድግዳ ውስጥ መሆን የለበትም፤ ስልክ ያለው ሰው በቆመበት ሁሉ ሙዚየም ሊቆም ይችላል!

ማን ይሥራው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሜሪማውንት ማንሃተን ኮሌጅ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሆነው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ለኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የራሳቸውን የድምፅ ማስጎብኛ ቀርጸው ለሕዝብ ለቀቁ። ተማሪዎች! ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ደግሞ ስልኩ ላይ መቅጃ የሌለው ተማሪ አለ? ሽማግሌ አያቱ ዘንድ ሄዶ የማይቀዳ አለ? እኔ ቢያንስ መጠበቅ አቃተኝ።

ትናንት ማታ ስለ ቤተ መንግሥቱ የአንድ ደቂቃ ጽሑፍ ጻፍኩ። አምስት ጊዜ አሳጠርኩት። ከዚያ እንደ ባለሙያዎቹ ለማያውቅ ሰው ላንብበው ብዬ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ማርቆስን የሚያውቃት በገበያዋ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ቆሞ አያውቅም። ዓመተ ምሕረቱን፣ ንግሡን፣ እምባቦን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አነበብኩለት። ጨርሼ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ቆይቶ «ቆንጆ ነው፣ ልጄ» አለኝ፤ «ግን እኔ አሁን የት ቆሜ ነው ይህን የምሰማው?»

የጻፍኩትን የመጀመሪያ መስመር ሰረዝኩት። በቦታው ሁለት ቃል ጻፍኩ፤ «እዚህ ይቁሙ።» ከዚያም መልሼ ደወልኩለት።