የስክሪኗ ጥንቸል የማትነግረን ነገር

አንዲት ነጭ ጥንቸል በረሃ ላይ ቁጭ ብላለች። አጋር ጨምሩላት፤ ትንሽ ቆይታችሁ ብታዩ ስክሪኑ ጥንቸል በጥንቸል ሆኗል። አሁን ቡናማ ጠጉር የሚያመጣውን ሚውቴሽን ጨምሩና ተኩላዎቹን ልቀቁ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ነጮቹ ተመናምነው ሜዳው የቡናማዎቹ ይሆናል።

ይህ ስለ ተፈጥሮ ምርጫ የተሠራው የፌት ሲሙሌሽን ነው። ፌትን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን ነው። ሲሙሌሽኑን ማንም ሰው በነጻ ይጠቀምበታል።

መጀመሪያ ምስጋናውን እናስቀድም። ዓመታት የሚፈጀውን ለውጥ በደቂቃዎች ያሳየናል። ደግሞም አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ሌላውን እንዳለ መተውን ያስተምራል፦ አንዴ ያለ ተኩላ፣ አንዴ ከተኩላ ጋር። ላቦራቶሪ ለሌለው ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ሦስት ነገሮች ይቆረቁሩኛል።

አንደኛ፣ ሚውቴሽኑ የሚመጣው እኛ ቁልፍ ስንጫን ነው። ስለዚህ ተማሪው "ጥንቸሎቹ ስለቸገራቸው ቡናማ ሆኑ" ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በተፈጥሮ ግን ሚውቴሽን የማንንም ችግር አይቶ አይመጣም፤ እንዲያው በዕድል ይከሰታል፣ ከጠቀመ ይስፋፋል።

ሁለተኛ፣ አንዴ ብቻ አስኪዶ መደምደም ይመጣል። ሲሙሌሽኑ ውስጥም ዕድል አለ፤ ደግማችሁ ብታስኬዱት ግራፉ ይለያያል። አሥር ጊዜ ሞክራችሁ ውጤቶቹን ብታወዳድሩ ይሻላል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ተኩላው ከአካባቢው ጋር የማይመሳሰለውን ጥንቸል አብዝቶ የሚበላው፣ ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች እንዲያ ስላዘዙት ነው። ታዲያ በሪፖርታችን ላይ "የተፈጥሮ ምርጫን አረጋገጥኩ" ብለን ብንጽፍ፣ ያረጋገጥነው የተጻፈውን ሕግ ነው። ሞዴል "ሕጉ እንዲህ ቢሆን ምን ይከተላል?" ለሚለው ይመልሳል። ሕጉ እውነት መሆኑን የምትነግረን ተፈጥሮ ራሷ ናት።

የእሳት እራትን ታሪክ ተመልከቱ። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው በርናርድ ኬትልዌል ጥቁርና ነጣ ያሉ የእሳት እራቶችን ዛፍ ግንድ ላይ ለቀቀ፤ ወፎችም ከግንዱ ቀለም ጋር የማይመሳሰሉትን አብዝተው በሉ። ተቺዎች "እነሱ በተፈጥሮ ግንድ ላይ ያርፋሉ ወይ?" ብለው ጠየቁ። ማይክል ማጄረስ ከ2001 እስከ 2007 በካምብሪጅ 4,864 የእሳት እራቶችን ለቅቆ ሙከራውን ደገመው፤ ዛፍ ላይ እየወጣም የሚያርፉበትን ቦታ ፈለገ። አብዛኞቹን ያገኘው ከግንዱ ይልቅ ቅርንጫፍ ላይ ነበር። የወፎቹ ምርጫ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ይህን ዓይነት ድንገተኛ ነገር ማንም ያላስገባበት ሲሙሌሽን ሊያሳየን አይችልም።

ታዲያ ሲሙሌሽኑን እንተወው? በፍጹም! ትንበያችሁን በሱ አውጡና ወደ ግቢ ውጡ። ትንንሽ የሊጥ ድቡልቡሎችን ግማሹን አረንጓዴ፣ ግማሹን ቀይ የምግብ ቀለም ቀብታችሁ ሣር ላይ በትኑ። ወፎች የቱን ቀድመው እንደሚለቅሙ ቁጠሩ። ምናልባት ጭራሽ አይመጡ ይሆናል፤ ምናልባት ጉንዳን ይቀድማቸዋል። ያንንም ጻፉት። የእናንተ ምርመራ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።