108ን ማን ያውቃታል?

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። አርሴናልን የሚደግፍ ሰው ፈልጉ። ማግኘት አይቸግራችሁም፤ አዲስ አበባ ውስጥ የትኛውም ታክሲ ላይ ቢያንስ ሁለት አይጠፉም። ከዚያ “49” በሉት። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ። ቡድኑ በ2003 እና በ2004 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 49 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ መጓዙን፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ 2 ለ 0 አሸንፎ እንደገታው፣ የዕለቱን ዳኛ ሳይቀር ከነእርግማኑ ይተርክላችኋል። አሁን ደግሞ “108” በሉት። ዝም! “ምንድነው እሱ፣ የአውቶቡስ ቁጥር ነው እንዴ?” ሊላችሁም ይችላል።

የአውቶቡስ ቁጥር አይደለችም። የዚያው የአርሴናል ቁጥር ናት። የአርሴናል ሴቶች ቡድን ከኦክቶበር 2003 እስከ ማርች 2009 ድረስ 108 የሊግ ጨዋታ አድርጎ አንዱንም አልተሸነፈም። ከእነዚህ ውስጥ 51ዱን ያሸነፈው በተከታታይ ነው፤ መሀሉ ላይ አቻ እንኳ የለም። የወንዶቹ ጉዞ በኦክቶበር 2004 ሲያበቃ የሴቶቹ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። አንድ ክለብ፣ አንድ ማሊያ፣ አንድ ዘመን። ታዲያ አንደኛዋ ቁጥር መዝሙር ሆነች፤ ሌላኛዋ መዝገብ ውስጥ ቀረች።

የተነሳሁት “ሴቶቹ ይበልጣሉ” ብዬ ሙግት ለመግጠም አይደለም። መጽሐፍ ሲታተም እንደምንተቸው ሁሉ፣ የአንድ ክለብ የምንጊዜም መዝገብም ሊተች ይገባል ብዬ ነው። መዝገብ የሚመርጠው አለ፤ የሚዘለውም አለ። ቁጥር አይዋሽም ይባላል። አዎ፣ አይዋሽም። ግን ካልጠየቁት ዝም ማለት ይችልበታል።

የአርሴናል ሴቶች መዝገብ ላይ ላዩን ሲነበብ የሚያስቀና ነው። ክለቡን በ1987 የመሠረተው ቪክ ኤከርስ ነው፤ የወንዶቹ ቡድን የትጥቅ ኃላፊ ሆኖም ይሠራ ነበር። እስከ 2009 ድረስ ሴቶቹን ያሠለጠነውም እሱ ነው። እስከ 2025 ድረስ ብንቆጥር 15 የሊግ ዋንጫ፣ 14 የኤፍ ኤ ካፕ፣ ሁለት የአውሮፓ ሻምፒዮንነት አለው። በ2006/07 የውድድር ዘመን የተወዳደረበትን ዋንጫ ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ። 22 የሊግ ጨዋታ አድርጎ 22ቱንም አሸነፈ። በአውሮፓ ፍጻሜ ማርታ የምትጫወትበትን የስዊድኑን ኡሜዮ ከሜዳው ውጪ 1 ለ 0 ረታ፤ በመልሱ 0 ለ 0 ወጥቶ ዋንጫውን አነሳ።

እዚህ ላይ “ይሄ ሁሉ እኮ ተፎካካሪ ስለሌለ ነው” የሚል ሰው ይነሳል። ሁልጊዜም ይነሳል። እንዲህ የሚለውን ሰው ዝም በል ማለት አይገባም፤ የተናገረው ግማሽ እውነት ነውና ሌላውን ግማሽ መጨመር ነው የሚሻለው።

በሜይ 2007 አርሴናል የኤፍ ኤ ካፕን ያነሳው ቻርልተንን 4 ለ 1 አሸንፎ ነው። ጨዋታውን ሜዳ ገብቶ የተመለከተው ሕዝብ 24,529 ነበር። በዚያው ሰሞን የቻርልተን ወንዶች ከፕሪሚየር ሊግ ወረዱ። ክለቡ ወጪ መቀነስ አስፈለገውና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በጁን ወር የሴቶቹን ቡድን ዘጋው። ልብ በሉ! የወረዱት ወንዶቹ፤ የተባረሩት ሴቶቹ። የአገሪቱ ሁለተኛ ዋንጫ ተፋላሚ የነበረ ቡድን ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሜዳ ጠፋ። በኋላ በሌላ ድጋፍ እንደገና ቢቋቋምም የተበተነው ቡድን ተበትኗል።

እንግዲህ መዝገቡ ላይ “አርሴናል 4፣ ቻርልተን 1” የሚለው መስመር አለ። ከሥሩ መጻፍ የነበረበት መስመር ግን የለም። 108ቱ ጨዋታዎች በከፊል የአርሴናል ብርታት ናቸው፤ በከፊል ደግሞ የሌሎች ክለቦች ኪስ ታሪክ ናቸው። በአንድ እጅ አይጨበጨብም፤ ሊግም በአንድ ቡድን አይቆምም። ለዚህ ነው ቁጥሯን ብቻዋን አንጠልጥለው የሚያሞግሱትም፣ ብቻዋን አንጠልጥለው የሚያናንቁትም እኩል የሚያሳስቱት።

ይሁንና “ተፎካካሪ አልነበረም” የሚለው ሚዛን ለሁሉም ይሁን። በኤፕሪል 2004 የወንዶቹ አርሴናል ሊድስን 5 ለ 0 ሲያሸንፍ አራቱን ያገባው ቴሪ ኦንሪ ነው። ሊድስ ያኔ በዕዳ ተዘፍቆ ተጫዋቾቹን ሲሸጥ የከረመ ክለብ ነበር፤ በዚያው ዓመትም ወረደ። ያቺ ጨዋታ ከ49ኙ አንዷ ናት። እስቲ ታክሲ ውስጥ ያለው ወዳጃችን “ከ49ኙ አንዷን ቀንሱልኝ፣ ሊድስ ደህይቶ ነበር” ሲል የሰማ አለ? የለም። የወንዱን ድል ስናወራ ስለ ተሸናፊው ኪስ አናነሳም። የሴቷ ሲሆን ሁላችንም ኦዲተር እንሆናለን።

መዝገቡ የሚዘለው ሌላም ነገር አለ፤ የልብስ ማጠቢያው ቤት። ከሜዳዋ ውጪ ኡሜዮ ላይ ያንን ብቸኛ ጎል ያስቆጠረችው አሌክስ ስኮት በአንድ ወቅት የአርሴናልን ወንዶች ማሊያ የማጠብ ሥራ ነበራት። ይህን በኋላ ራሷ ተናግራዋለች። የወንዶቹ ማሊያ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ከተደረደረ በኋላ ነው እሷ ልምምድ የምትሄደው። የእንግሊዝ የሴቶች ከፍተኛ ሊግ ተጫዋቾች በሙሉ የሙሉ ጊዜ ባለሙያ የሆኑት ገና በ2018 ነው። ስለዚህ “ዋንጫ” በሚለው ዓምድ አጠገብ “የተጫዋቾች መተዳደሪያ” የሚል ዓምድ ቢኖር ኖሮ፣ የ2007ቱ አራት ዋንጫ ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን “የመጀመሪያ” የምትለዋ ቃል ናት። በፌብሩዋሪ 2024 አርሴናል ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር በኤምሬትስ ሲጫወት 60,160 ሕዝብ ገባ፤ ለሊጉ አዲስ ክብረ ወሰን ሆነ። ደስ ይላል። በ2007 የአውሮፓ ፍጻሜ መልስ ጨዋታ በትንሿ የቦረምዉድ ሜዳ ከተደረገ ወዲህ ብዙ መንገድ ተሂዷል። “ሴቶች እንዲህ ዓይነት ሕዝብ መሳብ ጀመሩ” ሲባል ግን ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ጀመሩ? በዲሴምበር 26 ቀን 1920 ሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ዲክ ኬር የተባለው የፋብሪካ ሴቶች ቡድን ሲጫወት 53,000 ሰው ገብቶ ነበር። ቦታ አጥቶ ውጪ የቀረውም ብዙ ነው። በዓመቱ፣ በዲሴምበር 5 ቀን 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴት አይሆንም ብሎ አባል ክለቦቹ ሜዳቸውን እንዳይሰጡ ከለከለ። ክልከላው ለ50 ዓመት ያህል ጸና።

50 ዓመት! የዋንጫ ዝርዝሩ ከ1992 የሚጀምረው ከዚያ በፊት ተጫዋች ስላልነበረ አይደለም፤ በሩ ተዘግቶ ስለነበረ ነው። ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸር “አጭር ታሪክ” የምንለው በእውነቱ የተቆረጠ ታሪክ ነው። የምንጊዜም መዝገብ ብለን ከሰየምነው የተዘጋውንም ጊዜ ይቁጠርልን። “ከ1921 እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ፦ ሜዳ ተከልክሎ” የምትል አንዲት መስመር ብትገባ መዝገቡ ሙሉ ይሆናል።

ይህን ስል መዝገብ ይቅር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። መዝገብማ ይኑር! ሆላንዳዊቷ ቪቪያን ሚዴማ ከ2017 እስከ 2024 ለአርሴናል በ172 ጨዋታ 125 ጎል አስቆጠረች። በዲሴምበር 2019 ብሪስቶል ሲቲን 11 ለ 1 ሲያሸንፉ ስድስቱን አገባች፤ አራቱን አመቻቸች። ሰው ባይቆጥረው ኖሮ ይህ ተረት ይሆን ነበር፤ ስለተቆጠረ ግን ታሪክ ሆነ። በሜይ 2025 ሊዝበን ላይ ስቲና ብላክስቴኒየስ ባርሴሎና ላይ ባገባቻት አንዲት ጎል አርሴናል ሁለተኛውን የአውሮፓ ዋንጫ ሲወስድ፣ “ከ18 ዓመት በኋላ” መባሉ ትርጉም ያገኘው የ2007ቱ ስለተጻፈ ነው። ያልተጻፈ ነገር መመለሻ የለውም።

ነገሩ ወደ እኛ ቤት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሉሲዎቹ በ2004 በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ መውጣታቸውን ከጎረቤቶቻችሁ ስንቱ ያስታውሳል? ሎዛ አበራን ሁሉም በስሟ ያውቃታል። ለሐዋሳ፣ ለደደቢት፣ ለአዳማ፣ ለንግድ ባንክ ተጫውታለች፤ ስዊድንና ማልታ ደርሳ ተመልሳለች። ታዲያ በእነዚህ ክለቦች ያገባቻቸውን ጎሎች አንድ በአንድ፣ ከነቀኑና ከነሜዳው ልንገራችሁ የሚል ደጋፊ ካገኛችሁ ቡና ጋብዙት። ንግድ ባንክ በ2024 የዞኑን ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ ለተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ በቅቷል። ያቺን ማጣሪያ የተጫወቱት ልጆች ስም ዝርዝርስ ከሃያ ዓመት በኋላ በማን ደጅ ይገኛል?

ክለብ ዋንጫ ሲያነሳ ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ቢሮ ሲቀየር ይወርዳል። ያኔ የሚተርፈው ደብተር ነው። ደብተር ውድ ዕቃ አይደለም። አንድ ጸሐፊ፣ አንድ እስክሪብቶ፣ በየጨዋታው አሥር ደቂቃ ይበቃል። ማን ተሰለፈች፣ ማን አገባች፣ ስንት ሰው ገባ፣ ደመወዝ ተከፍሎ ነበር ወይስ አልተከፈለም። አዎ፣ ይህቺ የመጨረሻዋም ትጻፍ። በእንግሊዞቹ መዝገብ የጎደለችው እሷ ናትና እኛ ከጅምሩ ልናስገባት እንችላለን።

አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ለርስት ክርክር ብቻ አይመስለኝም። 49 ያልተረሳችው የሚያወርሳት ስለበዛ ነው፤ አባት ለልጁ፣ ታክሲ ረዳት ለተሳፋሪው ያወርሳታል። 108 ግን ገና ወራሽ አላገኘችም። ቢያንስ እናንተ አሁን ሰምታችኋልና፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማ።