ከሃያ ፍራሽ በታች ያለች አተር

የዴንማርኩ ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1835 በኮፐንሃገን ያሳተመው የልዕልቲቱና የአተሯ ተረት ከአንድ ገጽ ብዙም የማይተርፍ ሲሆን፥ ሌሊት በዝናም በስብሳ ከቤተ መንግሥት ደጅ የደረሰች አንዲት ልጅ፥ ከሃያ ፍራሽና ከሃያ የላባ መኝታ ሥር የተቀመጠች አተር ጎርብጣት እንቅልፍ ስለ ነሣቻት ብቻ፥ እውነተኛ የንጉሥ ዘር መሆኗ እንደ ታወቀላት ይተርካል። ከዚህች ቅንጣት ተነሥተው ሜሪ ሮጀርስ በዜማው፥ ማርሻል ባረር በግጥሙ፥ ከባረር ጋራም ጄይ ቶምሰንና ዲን ፉለር በድርሰቱ ደክመው በ1959 በኒው ዮርክ ያሳዩት፥ ስሙንም «ከፍራሾች አንድ ፍራሽ» ብለን ልንመልሰው የምንችል የሣቅና የዜማ ቴያትር፥ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ደጋግመው ከሚጫወቷቸው አንዱ ሆኖ ኖሯል። ልዕልት ዊኒፍሬድን መጀመሪያ የተጫወተችው ካሮል በርኔት በዚሁ ሥራ ስሟ ቢገንም፥ እኔ ግን ይህ ድርሰት በተማሪ አንደበት ሲነገር ይበልጥ ትርጓሜው ይጠልቃል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ሁሉ ስለ ፈተና ነውና። ልዑል ዳንትለስ ሳያገባ በአገሩ ማንም እንዳያገባ ታግዶ ሳለ፥ እናቱ ንግሥት አግራቬን የምትመጣለትን ልዕልት ሁሉ በፈተና ትጥላለች፤ ዐሥራ ሁለተኛዪቱም የተጠየቀችውን በሙሉ መልሳ ስታበቃ፥ አውሬው የተገደለበትን ሰይፍ የሠራው አንጥረኛ፥ የወዳጁ ምራት መካከለኛ ስሟ ማን ነበር ተብላ ትወድቃለች። ትልቅ ሰው ይህን ሰምቶ ይሥቃል፤ በማግስቱ ለፈተና የሚቀመጥ ልጅ ግን ለመጣል ተብሎ የተሰናዳ ጥያቄ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ፥ ሣቁን ከገዛ ኑሮው ያመጣዋል።

ዊኒፍሬድ ቤተ መንግሥቱን የከበበውን ውኃ ዋኝታ፥ ልብሷ እየተንጠባጠበ ትገባና ዓይነ አፋር ነኝ እያለች አዳራሹን በሚያናውጥ ድምፅ ትዘምራለች። በአንጻሯ በእርግማን አንደበቱ የተያዘው ንጉሥ ሴክስቲመስ ለልጁ የጋብቻን ምስጢር በእጅና በፊት ምልክት ሊያስረዳ ይደክማል። ቃል ማጥናት ለሚያስፈራው ተማሪ ከዚህ የሚሻል ክፍል አላውቅም፤ ሌሎቹ ሲጮሁ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እርሱ ጣቶች ይሰበሰባልና።

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ፍጻሜው ነው። ንጉሡ፥ አዝማሪውና የንጉሡ አጫዋች ዊኒፍሬድ እንቅልፍ አጥታ የንግሥቲቱን የአተር ፈተና እንድታልፍ ፍራሾቹን በጦር ዕቃና በስለት ጠቅጥቀዋቸው እንደ ነበር ይገለጣል፤ ያም ሁሉ አንድ በአንድ እየተጎተተ ይወጣል። በዚህ ቢያበቃ፥ የአንደርሰን ተረት ፈረሰ፥ የደም ክብርም ከንቱ ነበር ብለን በወጣን ነበር። ዳሩ ግን ዕቃው ከወጣ በኋላም ልጅቱ ትገላበጣለች እንጂ አትተኛም፤ ልዑሉ ከታች እጁን ሰድዶ አተሯን ሲያወጣት ያን ጊዜ ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳታል። በመጻሕፍት መምህራን ልማድ እንፍታው ብንል፥ አንድም ያሳለፋት የወዳጆቿ ረድኤት ነው፤ አንድም ረድኤቱ ባይኖር ራሷ ታልፍ ነበር፤ የኋለኛውም የፊተኛውን አያፈርሰውም። ሰዓት አለቀ ብሎ ይህችን አንዲት ምልክት የሚያስቀር መምህር ድርሰቱን ግማሽ አድርጎ ያሳየ ይመስለኛል፤ ለልጆቹም ማታለልን ብቻ ይተውላቸዋል።

ስለዚህ ልዑሉን የሚጫወተው ልጅ በዚያች ቦታ መቸኮል የለበትም። አተሯ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሰው አትታይም፤ እርሱ ግን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መብራቱ ከፍ ሲያደርጋትና ከላይ የልጅቱ ትንፋሽ ሲረጋ፥ በመጨረሻው ረድፍ ያለው ሁሉ አያታለሁ ብሎ አንገቱን ይሰግጋል።